ቫልቩን ማን ያዞራል? የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤቶች። ለአዳማ ከተማ የምናስገባው ሐሳብ ሐሙስ ማለቅ አለበት። እስካሁን የተስማማነው አንድ ነገር ነው፦ ካሜራው፣ የትራፊክ መብራቱና የውሃ ፓምፑ በኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይታገዝ ከተባለ፣ ከሀከር መጠበቂያው ጨረታው ላይ ይጻፍ። ዕቃው ከተገዛ በኋላ መለመን የለም። ምን ምን ይጻፍ? እየቆራረጣችሁ አትላኩ፣ ስልኬ ደክሟል።

የኔትወርኩ ልጅ፦ ከፓስወርድ እንጀምር። ሳቁብኝ ግድ የለም። በቀደም አንድ ሆቴል ካሜራ ልሠራ ሄጄ፣ መቅረጫው ጀርባ ላይ ፓስወርዱ በፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁት፣ ያውም ከፋብሪካ የመጣው 12345። መስመሩም ለእንግዳ ከሚሰጠው ዋይፋይ ጋር አንድ ነው። ታች ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው፣ ፎቅ ላይ ያለውን ኮሪደር ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ሚራይ የሚባል የኮምፒውተር ቫይረስ እኮ ሌላ ተአምር አልነበረውም። 60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ይዞ ካሜራና ራውተር እያንኳኳ፣ የከፈተለትን ይወስድ ነበር። በእነዚያ ዕቃዎች ዳይን የሚባለውን፣ የድረ ገጾችን አድራሻ እየፈለገ የሚያገናኝ ድርጅት በጥያቄ ሲያጥለቀልቁት ትዊተር ሳይቀር ለሰዓታት አልከፍት አለ። ስለዚህ ፓስወርዱ ያልተቀየረ ዕቃ አንረከብም ይባል። የካሜራውና የፓምፑ መስመርም ይለያይ።

ፓምፕ ቤት፦ ልጄ፣ ያልከው ልክ ነው። ግን ረቂቁ ሁሉ ሌባ እንዳይገባ ነው የሚያወራው። ከገባስ? ዩክሬን ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ወደ 225,000 ደንበኛ መብራት ጠፋበት። መነሻው በኢሜይል የተላከ ፋይል ነበር። ሠራተኞቹ ዓይናቸው እያየ ማውሱ በራሱ እየሄደ ማብሪያ ማጥፊያውን ሲዘጋ ተመልክተዋል። ግን መብራቱ በሰዓታት ውስጥ ተመለሰ። እንዴት? ሰዎቹ ጣቢያው ድረስ ሄደው በእጃቸው መለሱታ!

የኛ ውሃ ከአዋሽ ነው። ክረምት ሲገባ በአንድ ሌሊት መልኩ ይቀየራል። የበጋውን ብቻ አይቶ የተማረ ፕሮግራም የሐምሌን ውሃ ሲያይ ሴንሰሩ ተበላሸ ሊል ይችላል። ሰው ሆን ብሎ የውሸት ቁጥር ካበላው ደግሞ ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል። እኔ በብርጭቆ ቀድቼ፣ ወደ መስኮቱ አንስቼ ነው የማየው፤ ብርጭቆዬን ማንም ሀክ አያደርገውም። ኤአዩ ይምከር፣ እሰማዋለሁ፣ ቧንቧ የት እንደሚያፈስ ከኔ ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። የኬሚካል መጠንና ዋናው ቫልቭ ላይ ግን ያለ ሰው እሺታ አይንካ። በዓመት ሁለቴ ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍተን በእጅ እንሥራ። ቫልቩ ዝጎ አልዞር ካለ ያኔ እንወቀው።

ሒሳብ ክፍል፦ ጋሼ፣ እሱስ ልክ ነዎት። ግን በጀት የሚያጸድቀው ሰው «በእጅ» የሚለውን ሲያይ ወደ ኋላ ልትመልሱን ነው ይለናል። የማታ ተረኛውን ለመቀነስ አይደል የሚገዛው? «የአደጋ ጊዜ ልምምድ» ብንለውስ?

ፓምፕ ቤት፦ ስሙን የፈለግሽውን በይው የኔ ልጅ። ቫልቩ ይዙር እንጂ። ተረኛው ግን አይነካም።

ሕግ የማነበው፦ ካሜራው ፊት የሚለይ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን (ቁጥር 1321/2016) አትርሱ። ምስሉ ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ይጻፍ። ችግር ሲፈጠር በሌሊት ለኢንሳ (ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) የሚደውለው ማን እንደሆነም።

የኔትወርኩ ልጅ፦ አንድ ቀረ። ሻጩ ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት እየገባ ልጠግን ይላል፣ ሁሌም ይላሉ። በሩ ሲጠራ ብቻ ይከፈትለት፣ ሲጨርስ ይዘጋ። አለዚያ ፓስወርድ መቀየሩ ምን ሊረባን?

ጸሐፊ፦ ገብቷል። የጋሼን ሐሳብ መጀመሪያ አደርገዋለሁ፣ ፓስወርዱ ከሱ ቀጥሎ። የተረኛው ደመወዝ ላይ ገና አልተስማማንም፣ እሱን በአካል እንጨርስ። ረቡዕ 11 ሰዓት ፖስታ ቤት አካባቢ። ቻርጀር ያለው ይዞ ይምጣ።