ፍሬን ስይዝ ፍሬቻው አብሮ የሚበራው ለምንድን ነው?

ሰላም ጀመዓ፣ መላ ካላችሁ ወዲህ በሉኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ የምመላለስባት የቤት መኪና የኋላ መብራቷ አስቸግሮኛል። ፍሬን ስይዝ የቀኙ መብራት በመድመቅ ፈንታ ይደክምና ፍሬቻው በደብዛዛው አብሮ ይበራል። ፓርኪንግ ሳበራ ይብስበታል። ግራው ደህና ነው።

አምፖሉን በአዲስ ባለ ሁለት ክር፣ 21/5 ዋት ቀየርኩ፤ ፊውዙም አልተቃጠለም። መብራቱን ፈትቼ ሳየው ከውስጥ ላብ ይዟል፣ የሶኬቱ አንድ እግር አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ጠቁሯል። ፍሬን ተይዞ ስለካው ባትሪው ላይ 12 ቮልት እያለ ሶኬቱ ላይ 10 እንኳ አይሞላም። እኔ የጠረጠርኩት ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ሽቦ ነው፤ ማሳ ሲላላ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ፍለጋ በሌላው አምፖል ክር ይዞራል። ያየልኝ ኤሌክትሪሺያን ግን ገመዱ በሙሉ ይቀየር ባይ ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም።

እባካችሁ፣ የኋላ መብራት ማሳ ቦዲው ላይ የሚታሰረው የት ጋ ነው? ከሻንጣው ምንጣፍ ስር ወይስ ከጎን ሽፋኑ ጀርባ? ከሶኬቱ አዲስ ሽቦ አውጥቼ ቦዲ ላይ ባስረውስ ችግር አለው? ውሃ የሚከላከለውን ጎማ ለብቻው የሚሸጥ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ታውቃላችሁ? መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ሲወርድ ከኋላዬ ያለው ከባድ መኪና የሚያየኝ በዚህ መብራት ነው፤ ልጆች ጭኜ ስወርድ ልቤ አይረጋም።

የምታውቁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ፣ ነገ ጠዋት ልፈታው ነው።