የኮኮናት ቃጫው ሻገተብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከባሕር ዳር ነው። ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝን፣ እንደ ጡብ ተጨምቆ የደረቀ 650 ግራም የኮኮናት ቃጫ ለኤሊዬ ላነጥፍላት በ4 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፍኩት። እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ባልዲውን ሞላው፣ ጉድ ነው! ግማሹን አነጠፍኩና የተረፈውን እንደረጠበ በፌስታል ቋጥሬ ጓዳ አኖርኩት። ሳምንት ሳይሞላው ነጭ ሻጋታ አወጣ። በዚህ የጎጃም ክረምት ፀሐይ የለ፣ የት ላስጣው? እናቴ «ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጊው» ትላለች (የእንጀራ ምጣዷን ግን አትሰጠኝም)። የሻገተውን ልድፋው ወይስ የፈላ ውሃ አፍስሼበት ባደርቀው ይድናል? ኤሊዋ ከጎመኑ ጋር ቃጫውንም ስለምትውጥ ፈርቻለሁ። ከደረቀ በኋላስ ክዳን ባለው ባልዲ ነው ወይስ አየር በሚያስገባ ጆንያ የሚቀመጠው? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።