ልጄ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ምክንያቱን ሁሉም በየፊናው ይነግረኛል

እናት ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዓመት ከምናምኗ ነው። ጡት ስትጠባ ግንባሯ በላብ ይርሳል፣ ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ኪሎም አልጨምር አለች። የሳንባ ምች እየተባለ ስንመላለስ ከርመን በመጨረሻ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳች። በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መሀል ቀዳዳ አለ ተባለ። ቪኤስዲ ይሉታል። ሐኪሙ «አብሯት የተወለደ ነው» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝና ቀጣዩን ጠራ።

ከምን መጣ ስለው «አይታወቅም» አለኝ። እናቴ ግን ታውቃለች! አርግዤ በጠራራ ፀሐይ ፒያሳ ስንከራተት ምች መቶኝ ነው። አማቴ ደግሞ ክርስትናዋ ላይ ትኩር ብላ ያየቻት ሴት አለች፣ ዓይን ነው፣ እንጦጦ ጸበል ካልሄደች ትላለች። ባለቤቴ ዝም። እኔ ሌሊት ሌሊት የእርግዝናዬን ወራት እቆጥራለሁ፤ ምን በላሁ፣ ምን ተሸከምኩ እያልኩ።

የሕክምና አንትሮፖሎጂ የሚባል፣ ሰው በየባህሉ በሽታንና ሕክምናን እንዴት እንደሚረዳ የሚያጠና ትምህርት አለ አሉ። እሱ ይህን እንዴት ነው የሚያየው? ማነው ትክክል?

ሲስተር ነኝ

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ቆጠራውን ተዪው። ልብ ዋና ቅርጹን ይዞ የሚያበቃው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው። ብዙዎቻችን ያኔ ማርገዛችንንም አናውቅም። ከ100 ሕፃናት 1 ገደማ የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል፣ የአብዛኛውም መነሻ አይታወቅም። ጸበሉን ውሰጃት። መድኃኒቷ ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ። በኤችአይቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስም ሁለቱን አብራችሁ ውሰዱ ብለዋል። በጠዋቱ ብርድ ባትጠመቅ ደግሞ ደስ ይለኛል።

የስድስት ኪሎ ተማሪ

ትምህርቴ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። አለን ያንግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ጎንደር አካባቢ አማሮች ዘንድ ያጠናውን በ1976 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ዘመናዊው ሕክምና ሰውነት ውስጥ ምን ተበላሸ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኛ ግን ቀድመን የምንጠይቀው የት ዋልክ፣ ማን አየህ፣ ከማን ተጣላህ ነው። ስለዚህ ሐኪምሽና አማትሽ እየተከራከሩ አይደለም፤ የሚመልሱት ሌላ ሌላ ጥያቄ ነው።

ግን ልብ በይ። የእናትሽ ታሪክ አንቺን ጥፋተኛ ያደርጋል። የአማትሽ ታሪክ ጥፋቱን ከቤት አውጥቶ ለአንዲት እንግዳ ይሰጣል። (ያቺ ምስኪን ሴትዮ ደግሞ አሁን ለቡና የሚጠራት ይኑር እንጃ።) የሐኪሙ «አይታወቅም» ማንንም አይወቅስም፣ ግን ሌሊቱን ብቻሽን ይተውሻል። ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም የሆነው አርተር ክላይንማን ሐኪሞች በሽተኛውን እንዲጠይቁ የሚመክረው ለዚህ ነው፦ ከምን የመጣ ይመስልሻል? በጣም የሚያስፈራሽ ምንድን ነው? የአንዲት ደቂቃ ጥያቄ ናት።

እኔ ግን እዚያ ላይ ማቆም አይዋጥልኝም። የኛ ሙያ ሰዎች ስለ ቡዳ መጻፍ ይጣፍጣቸዋል፣ ስለ ወረፋ ሲሆን ይሰንፋሉ። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ ደም ከግራ ወደ ቀኝ እየፈሰሰ ሳንባን ያጨናንቃል። እንዲሁ ከቆየ የሳንባ ደም ሥሮች ይደድራሉ፣ ያኔ መዝጋትም አይቻልም። ገንዘብ ባለበት አገር ነገሩ እዚያ ሳይደርስ በጨቅላነት ይዘጋል። እኛ ጋ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሲከፈት ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬም ግን ለዓመታት ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ሐኪሙና አንትሮፖሎጂስቱ ፖል ፋርመር ሄይቲ ላይ ሲያክምም ሲጽፍም የጮኸው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ቤታችሁ ስለ ምችና ስለ ዓይን ሲከራከር፣ ልጅቷ ስንተኛ ተራ ላይ ናት ብሎ የጠየቀ አለ?

እናት ከአራት ኪሎ

የለም። ተራ መያዝ እንዳለባትም የነገረኝ የለም። አማቴን ቅዳሜ እንጦጦ እሸኛታለሁ፣ ልጅቷንም ይዘን። ሲስተር፣ ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። ምን ምን ልጠይቅ?

ሲስተር ነኝ

ቀዳዳው ስንት ሚሊሜትር ነው? የሳንባዋ ግፊት እንዴት ነው? ትንንሹ ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል፤ የሷ ከዚያ ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል? ከፈለገ ሪፈሩን ዛሬውኑ ጻፉልኝ በይ። የኢኮውን ወረቀት ፎቶ አንሺው፣ እንዳይጠፋብሽ። ባልሽንም ይዘሽው ግቢ።