የሴት ሰርፈሮች ፎቶ ላይ ማዕበሉ ለምን አይታይም?

ከዚራ ነኝ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረርም ያላችሁ ግቡበት። አቦ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነው የከረመው። ሰርፊንግ፣ ማለቴ ቦርድ ላይ ቆሞ በባሕር ማዕበል ላይ መንሸራተት፣ ማየት በጣም እወዳለሁ፣ ባሕር በአካል አይቼ አላውቅም፣ ጅቡቲ ደርሰው የመጡ ዘመዶቼ ናቸው የሚያወሩልኝ፣ ግን ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ግቢ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የማየው እሱን ነው። እና የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆና ስታይ፣ ሴቶቹንም ላሳይሽ ብዬ ስፈልግላት የሚመጣው አሸዋ ላይ የተኛች፣ ቦርድ አቅፋ ጀርባዋን የሰጠች፣ ፊቷ እንኳን የማይታይ ሴት ነው። የወንዶቹን ስትፈልጉ ግን ማዕበል ነው የሚመጣላችሁ። ልጅቷ "ቆይ መቼ ነው ውሃ ውስጥ የምትገባው?" አለችኝ፣ መልስ አጣሁ።

ሳነብ ደግሞ የቆየ ነገር ነው። በ2013 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሮክሲ የሚባለው የሴቶች ሰርፍ ልብስ ብራንድ ፈረንሳይ ቢያሪትዝ ላይ ለሚደረግ ውድድር ማስታወቂያ ሠራ። ሴትዮዋ ከአልጋ ትነሳለች፣ ሻወር ትወስዳለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ፊቷ አይታይም፣ አንድም ማዕበል ላይ አትቆምም። ያቺ ሴት ስቴፋኒ ጊልሞር ነበረች፣ ያኔ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን! ያን ሁሉ ችሎታ ይዘው ሻወሩን አሳዩን። እኔን ብቻ ነው የሚያናድደኝ? ከዚያ ወዲህስ ተለውጧል?

ሳቢያን ሰፈር፦
እህቴ ኩባንያዎቹ የሚሸጡት እኮ ልብስ ነው። ያንን ልብስ ከሚገዛው ሰው ብዙው ቦርድ ላይ ቆሞ አያውቅም፣ ባሕር ዳር ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቅ ነው፣ ስለዚህ የሚያሳዩት እሱን ነው። ሴቶቹም ፈቅደው ፈርመው ተከፍሏቸው ነው የሚሠሩት፣ ማንም አላስገደዳቸውም። ቁንጅናዋ ቢታይ ምን ችግር አለው?

መጋላ፦
@ሳቢያን ሰፈር ወንድሜ "ፈቅደው" ያልከው ላይ ቆም በል። ሲልቫና ሊማ የምትባል ብራዚላዊት አለች፣ በ2008 እና በ2009 ከዓለም ሁለተኛ የወጣች። ሞዴል ስለማትመስል ስፖንሰር እንዳጣች ራሷ ተናግራለች፣ ለውድድር ጉዞዋ ገንዘብ ለማግኘት ውሻ እያራባች ትሸጥ ነበር። አውስትራሊያዊቷ ፖሊን ሜንዘርም በ1993 የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ስፖንሰር አልነበራትም። እንግዲህ አንደኛዋ ፎቶውን ትነሳለች ትከፈላለች፣ ሌላዋ መልኳ አልተፈለገም ተብሎ ለአውሮፕላን ትኬት ትቸገራለች፣ ይሄን አይታ የምትፈርም ልጅ ምን ያህል ምርጫ አላት? ቁንጅናዋ ይታይ፣ ማን ከለከለ፣ ግን ሥራዋ ተደብቆ ቁንጅናዋ ብቻ ሲታይ ነው እኔን የሚያመኝ።

የሐረር ልጅ፦
መጋላ ልክ ናት ወላሂ። እኔ የምጨምረው፣ ካሜራው ብቻ አይደለም ጥፋተኛው፣ ማዕበሉንም ከልክለዋቸው ነበር። የድሮ ተወዳዳሪዎች ሲያወሩ ስሟቸው፣ ባሕሩ ጥሩ ሲሆን ወንዶቹ ይገባሉ፣ ሲበላሽ ሴቶቹን ውረዱ ይሏቸዋል፣ ከዚያ ሴቶቹ ትንንሽ ማዕበል ላይ ሲታዩ "ይኸው አይችሉም" ይባላል። ታሂቲ ያለው ቲአሁፖ የሚባለው አስፈሪ ቦታ ከ2006 በኋላ ከሴቶቹ የዓለም ውድድር ወጥቶ የተመለሰው በ2022 ነው፣ ያ ሁሉ ዓመት የሴት ፎቶ ከዚያ ውድድር ከየት ይምጣ? በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ሰርፊንግ እዚያው ሲደረግ ሴቶቹም ተወዳደሩ፣ ካሮላይን ማርክስ ወርቅ ወሰደች።

ገንዘቡም እንደዛው ነበር። በ2018 ደቡብ አፍሪካ በወጣቶች ውድድር ያሸነፉ ወንድና ሴት ቼካቸውን ይዘው የተነሱት ፎቶ ዓለምን አዳረሰ፣ የሱ 8,000 ራንድ የሷ 4,000። በዚያው ዓመት የዓለም ሰርፍ ሊግ ከ2019 ጀምሮ ሽልማቱ እኩል ይሆናል አለ። አየሽ እህቴ፣ አንዳንዴ ፎቶ ራሱ ይጠቅማል።

ከዚራ ነኝ፦
የቲአሁፖውን አላውቅም ነበር፣ በጣም ነው ያናደደኝ! እኛ እኮ ደራርቱን የምናውቃት ባርሴሎና ላይ ስትሮጥ ነው፣ የሷን ፎቶ ያየ ልጅ ምን እንደምትሠራ መጠየቅ አያስፈልገውም። እዚህ ድሬ ግን የሴቶች ኳስ ጨዋታ ሲኖር የሚለጠፈው ከጨዋታ በፊት ተሰልፈው የተነሱት ነው፣ ጎል ስታገባ የሚያነሳት የለም፣ ለምን?

ሳቢያን ሰፈር፦
የኳሱን እኔም አይቻለሁ፣ እሱ ላይ እስማማለሁ። ማስታወቂያው ላይ ግን አሁንም ገበያ ነው እላለሁ፣ ሰው የሚገዛበት ነገር ሲቀየር እነሱም ይቀየራሉ።

መጋላ፦
@ከዚራ ነኝ ለልጅቷ ስትፈልጊ "ሴት ሰርፈር" ብለሽ አትጻፊ፣ የሚያመጣልሽ ያንኑ ነው። በስም ፈልጊ። ማያ ጋቤይራን ከናዛሬ ፖርቱጋል ጋር ጻፊ፣ በ2013 እዚያ ሰምጣ ለትንሽ ነው የተረፈችው፣ ተመልሳ በ2020 የ22.4 ሜትር ማዕበል ወረደች፣ ሰባት ፎቅ ሕንፃ በይው፣ በዚያ ወቅት ከወንዶቹም የበለጠ ነበር። ከዚያ ካጁ ሳምቤን አሳያት፣ የዳካር ልጅ ናት፣ የሴኔጋል የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሽናል ሰርፈር። ቪዲዮዎቹን እስከ መጨረሻ እዩአቸው፣ ስልኩ ቀስ በቀስ ሌላውንም ያመጣላችኋል።