ክርክር፦ ኤስዩ-152 ታንክ ገዳይ ነው ወይስ ምሽግ አፍራሽ?

ታሪክ ወዳጁ፦
ሰላም ቤተሰብ። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሶቪየት ኤስዩ-152 (በታንክ አካል ላይ ከባድ መድፍ የተጫነበት ተሽከርካሪ) ብዙ ሰው የሚያውቀው «ዝቬሮቦይ»፣ አውሬ አዳኝ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በ1943 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኩርስክ ጦርነት እንደ ታይገር ያሉ የጀርመን ከባድ ታንኮችን ስለመታ የወጣለት ስም ነው። እኔ ግን ስሙ አሳስቶናል ባይ ነኝ። ስታሊንግራድ ከተማ ላይ የሶቪየቱ ቀይ ጦር የቸገረው ከእግረኛው ጎን ሄዶ የተመሸገ ሕንፃ የሚያፈርስ ከባድ መድፍ ነበር። ቼልያቢንስክ ያሉ መሐንዲሶች የኬቪ-1ኤስን ታንክ ሻሲ ወስደው ኤምኤል-20 የተባለውን 152 ሚሊ ሜትር መድፍ ጫኑበት። የመጀመሪያው ናሙና በጥር 1943፣ በ25 ቀን ውስጥ አለቀ። ታንክ ለማደን ቢታሰብ ኖሮ ይህን መድፍ ማን ይመርጥ ነበር?

ጋሽ መድፈኛ፦
ልጄ፣ ለምን ተሠራ ሌላ፣ ምን ሠራ ሌላ። ብረት በሺው (የታንክ ብረት የሚበሳው) ጥይት ወደ 49 ኪሎ ይመዝናል። የታይገርን ግንባር ባይበሳው እንኳ ምቱ ብቻ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ያደቃቸዋል። ስሙን ያወጣለት ወታደሩ ነው፤ ወታደር ደግሞ ያየውን ነው የሚናገረው።

መካኒኩ፦
ጋሼ፣ ምቱን ማንም አይክድም። እስኪ ግን ውስጡ ገብተው ያስቡት። አጉራሹ መጀመሪያ አረሩን ያስገባል፣ ቀጥሎ ባሩዱን ለብቻ። በዚያ ጠባብ ቦታ በደቂቃ ሁለት ቢተኩስ ጎበዝ ነው። የሚይዘው 20 ጥይት ብቻ ነው። አናቱ እንደ ታንክ አይዞርም፤ መድፉ ግራና ቀኝ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ሹፌሩ ሙሉውን 45 ቶን ማዞር አለበት። የመጀመሪያውን ከሳተ ታይገሩ ሁለተኛውን እስኪያጎርስ አይጠብቀውም። ስለዚህ ያዋጣው አድፍጦ ሲመታ ነው።

ጋሽ መድፈኛ፦
አድፍጦ መምታትም እኮ አደን ነው።

ታሪክ ወዳጁ፦
እሺ ጋሼ፣ ግን የኋላውንም ይዩት። በ1943 መጨረሻ ሻሲው ወደ አይኤስ ታንክ ተቀየረና አይኤስዩ-152 መጣ፤ የፊት ብረቱም 90 ሚሊ ሜትር ሆነ። ፋብሪካው ሻሲ ሲያወጣ የ152ቱ መድፍ አልደርስ አለ። በምትኩ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ ተገጠመና አይኤስዩ-122 ተወለደ። የዚህኛው ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይወረወራል፣ የ152ቱ ብረት በሺ ግን 600። ከሩቅ ታንክ ለመምታት የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ነው። ሆኖም 152ቱን አልተዉትም። በ1945 ወደ ጀርመን ከተሞች ኮኒግስበርግና በርሊን ሲገቡ የድንጋይ ግድግዳውን የሚንድላቸው እሱ ነበር፤ ፈንጂው አረር ከ43 ኪሎ በላይ ነው።

መካኒኩ፦
በርሊን ውስጥም ቢሆን ያለ እግረኛ አጃቢ አይሆንም። ኤስዩ-152 ሲጀመር መትረየስ እንኳ አልነበረውም። ፓንዘርፋውስት የተባለውን የጀርመን ፀረ ታንክ መሣሪያ የያዘ አንድ ልጅ ከምድር ቤት መስኮት ብቅ ካለ አለቀለት። 12.7 ሚሊ ሜትሩን መትረየስ ጣሪያው ላይ የጨመሩት በኋላ ነው።

ጋሽ መድፈኛ፦
ይህን እቀበላለሁ። ስሙን ግን አትንኩብኝ። ኩርስክ ላይ ታይገር ፊት ለፊቱ የቆመበት እግረኛ፣ ከኋላው ያ መድፍ ሲያጓራ «ለምሽግ ነው የተሠራው» ብሎ አያስብም።