ለአባላት ቤት ስለሚሰጡ የስፌት መኪኖች፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለቦርዱ የምናቀርበው ሐሳብ እስካሁን ይህን ይላል፦ «ማኅበሩ ቤታቸው ለሚሰፉ አባላት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ሲያስረክብ አንድ ማከፋፈያና አንድ ገጽ መመሪያ አብሮ ይሰጣል።» የጎደለውን ጨምሩ፣ የማይረባውን አውጡ።

የጥገና ክፍል፦
ማከፋፈያው ይውጣ። ከሰጠናቸው ካውያውም እዚያው ላይ መሰካቱ አይቀርም። ያለ ካውያ ደግሞ የሚሰፋ የለም። የቤት ስፌት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት ብዙ አይርቅም፤ በ220 ቮልት ግማሽ አምፒር ገደማ ቢስብ ነው። ካውያ ግን 2000 ዋት ከሆነ 9 አምፒር ይስባል። ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እኔ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መኪናውን ሳይሆን ሶኬቱን ነው። ዙሪያው ከጠቆረ፣ ሲሰኩበት ከላላ ወይም ጭስ ጭስ ከሸተተ ርክክቡ ይቆይ።

ቤቷ የምትሰፋ አባል፦
ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ግን ሶኬቱ በአንድ ግድግዳ፣ መስኮቱ በሌላ ግድግዳ የሆነብን ምን እናድርግ? ጨለማ ውስጥ ከመስፋት ማከፋፈያ ይሻላል።

የጥገና ክፍል፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። እንግዲያው «ለመኪናውና ለመብራት ብቻ» ተብሎ ይጻፍ። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ በግድግዳው ጥግ ይሂድ፣ ምንጣፍ ሥር አይግባ። ካውያው ኤርዝ (የመሬት ሽቦ) ካለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ለብቻው ይሰካ።

የንብረት ክፍል፦
ከውጭ በስጦታ የሚመጡት መኪኖችስ? አንዳንዶቹ የ110 ቮልት ናቸው። አስማሚ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። 110 የሚለውን መኪና 220 ላይ ከሰካነው ሞተሩን አቃጠልነው ማለት ነው። ስለዚህ ሳይሰካ በፊት የገመዱ መግቢያ አጠገብ ወይም ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ። 110 ከሆነ ትራንስፎርመር አብሮት ይሂድ፤ አቅሙም መኪናው ላይ ከተጻፈው ዋት በደንብ የሚበልጥ ይሁን።

አሠልጣኝ፦
ልጆቼ፣ ስለ ሽቦው ብዙ አላችሁ፣ ስለ ፔዳሉ ግን ማንም አላነሳም። ፔዳል ማለት እግር ሥር ያለ ማብሪያ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ የጨርቅ ክምር ፔዳሉ ላይ ይወድቃል። መብራቱ ሲመጣ መኪናው ብቻውን መስፋት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሕፃን እጁን መርፌው ሥር ቢያደርግስ? መብራት ሲጠፋም ሆነ ከወንበር ስትነሱ ማብሪያውን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ። ስትነቅሉም ገመዱን አትጎትቱ፣ መሰኪያውን ያዙ። መርፌ መቀየር፣ አምፖል መንካት፣ ዘይት መቀባት፣ ሁሉም ከተነቀለ በኋላ ነው።

መመሪያው ላይ አንድ ነገር ጨምሩልኝ። አዲስ መኪና ከመሰካቱ በፊት ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ይነሳ፣ በጎን ያለው መሽከርከሪያ በእጅ ወደ ራስ ቀስ ተብሎ አንድ ዙር ይዙር። መርፌው ብረቱን ከነካ «ጭር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ መርፌው ጠማማ ነው ወይም በደንብ አልገባም። በሞተር ቢሆን ኖሮ ተሰብሮ ዓይን ላይ ይፈናጠር ነበር።

አዲስ አባል፦
የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ መስፋት ይቻላል?

የጥገና ክፍል፦
ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ ንጹህ ሞገድ፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ኃይል የሚያወጣ ኢንቨርተር ይፈልጋል። ርካሾቹ ሞተሩን ያስጮኹታል፣ ያሞቁታል።

ጸሐፊ፦
አስተካክዬዋለሁ፦ «መኪና ከመሰጠቱ በፊት የጥገና ክፍል የቤቱን ሶኬት ያያል። ቮልቱ ተነብቦ ቅጹ ላይ ይመዘገባል። ማከፋፈያ የሚሰጠው ሶኬቱ ለራቀበት ብቻ ነው፣ ካውያ አይሰካበትም። ርክክቡ አባሉ መኪናውን በእጁ አዙሮ፣ መርፌ ቀይሮ፣ ነቅሎ ካሳየ በኋላ ይፈረማል።»

የቀረን የተበላሸ ሶኬት ማን ያሠራል የሚለው ነው። እኔ ማኅበሩ ከፍሎ ከአባሉ ቀስ በቀስ ይቀበል እላለሁ። የማይስማማ እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦
እስማማለሁ። የፔዳሉ ነገር ግን ከመመሪያው አናት ላይ ይሁን፣ በትልቁ ይጻፍ።