ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ፤ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ፈረንጅ አራዳ ፕሪንት አስደርጋ ፍላሹን ቤት ካለው ኮምፒውተር ላይ ከሰካችው ወዲህ ፎልደሮቹ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል። የተያዘው ቦታ ግን አልቀነሰም፤ ስለዚህ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይመስለኝም። «ፎርማት አድርጊውና ተገላገይ» የሚለኝ በዝቷል፤ የሰው ልፋት አይደለም እንዴ! ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ቫይረሱን አጠፋሁት ይላል፣ ሌላ ፍላሽ ስሰካ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ነው፤ መደበኛ ድጋፉ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ቆሟል። የምንጠቀመው የሞባይል ዳታ ስለሆነ ትልቅ አንቲቫይረስ ማውረድ ይከብደኛል። መጀመሪያ የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚደረገውን ፍተሻ) ላስኪድ ወይስ በአትሪብ ትእዛዝ (የፋይልን መደበቅ በሚያነሳው) ፋይሎቹን ላውጣ? አውቶፕሌይን (ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሳውን) መዝጋትስ ይበቃል? ለአማካሪዋ የምታስገባው ሰኞ ነው፤ የምታውቁ ባካችሁ ተባበሩኝ።